«የእጅ ሥራ ነው» የማለት ደንብ

አንድ ሰው ከልጅ ጆሮ ጀርባ ሳንቲም ሲያወጣ አየን እንበል። ያየነውን ነገር በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው? እጃችን ላይ ያሉት ቃላት ሁሉም የቆየ ዕዳ አለባቸው።

«አስማት» እንበል? ቃሉ በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ «ስሞች» ማለት። ዛሬ የምናውቀው ትርጉም የመጣው በብራና ክታብ ላይ ተጽፈው ሕመም ያርቃሉ፣ ጋኔን ያስወጣሉ ከሚባሉት ስውር ስሞች ነው። ስለዚህ አስማት ሲጀመርም ጨዋታ አልነበረም። «ምትሃት»ስ? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ደቀ መዛሙርቱ በሌሊት በባሕር ላይ የሚራመደውን ኢየሱስን አይተው የጮኹት በዚህ ቃል ነው፤ የፍርሃት ቃል ነው። «መሰሪ» የሚለውን ደግሞ ዛሬ ለስድብ ካልሆነ አንጠቀምበትም። ሥሩ ግን የግዕዙ «መሠርይ» ነው፤ አስማተኛ፣ ጠንቋይ ማለት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው ሲሞን «ሲሞን መሠርይ» ይባላል። ሰውዬው የሐዋርያትን ሥራ ሲያይ ገንዘብ አውጥቶ «ለእኔም ስጡኝ» አለ። የሙያው ሰው ስለነበር፣ ይሄም እንደሌላው ምስጢር የሚሸጥ መስሎት ነበር። በጊዜ ብዛት የአስማተኛው ስም የተንኮለኛ ስም ሆኖ ቀረ።

የእኔ ዘመን ሰው ከዚህ ሁሉ ሸሽቶ «ማጂክ» ይላል። ቀለል ያለ ቃል ነው። ቃሉን ስለለወጥን ግን ተመልካቹ አልተለወጠም። ሳንቲሟ ስትጠፋ የሚስቅ አለ፤ የሚያማትብም አለ። ኪሱን የሚዳስስም አይጠፋም።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ የተማርኩት ምህንድስና። ቤተሰቤ አጣጥ ነው ያለው፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ። የአካባቢውን ስም ሰው የሚያውቀው በአብዛኛው ካቶሊክ የሕክምና እህቶች እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋሙት ሆስፒታል ነው። ማጂክ ከኮድ ሲደክመኝ የማርፍበት ነገር ነው፤ አንድ ሳንቲምና አንድ ካርታ ይበቃኛል። በዚህ ጽሑፍ ላይ ማንሳት የፈለግኩት ለጀማሪ ማጂሽያኖች የሚሰጡት ደንቦች ከየት እንደመጡና እኛ ጋ ሲደርሱ ምን እንደሚጎድላቸው ነው። ነገሩ ቀላል የመዝናኛ ጥያቄ ይመስላል። ወደ ኋላ ስንሄድ ግን መሬት የተነፈጉና ከማዕድ የተገለሉ ሰዎች ታሪክ ላይ ያደርሰናል።

ሦስቱ ደንቦች

የጀማሪ ማጂክ ሳጥን ገዝታችሁ ስትከፍቱ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ትእዛዞች ትጀምራለች። ምስጢሩን አትናገር። የምታደርገውን አስቀድመህ አትናገር። አንዱን ትርኢት ለአንድ ተመልካች ሁለቴ አታሳይ። ብዙ ጊዜ ደንቦቹ የሚጠሩት እ.ኤ.አ. በ1936 በሞተው አሜሪካዊ የመድረክ ሰው በሃዋርድ ተርስተን ስም ነው።

ሦስቱም ምክንያት አላቸው። ተመልካቹ የሚመጣውን ካወቀ ዓይኑ ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ደግሞ መጨረሻውን ስለሚያውቅ መጨረሻውን ትቶ እጅህን ያያል። ምስጢሩን ከሰማ በኋላ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» ማጂክን ያህል ምስጢሩ ከትርኢቱ የሚያንስበት ሙያ ብዙ አይገኝም። ሦስት ወር የለፋህበት ነገር በሦስት ቃል ያልቃል።

ሙያተኞቹ ይህን ምስጢር በማኅበር ነው የጠበቁት። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው የማጂክ ክበብ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ ዴቪድ ዴቫንት ነበር፤ በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ አለ የተባለ ማጂሽያን። ይሄው ሰው የራሱን ትርኢቶች ምስጢር በጽሑፍ በማሳተሙ ከክበቡ ተባረረ። የራሱን! በኋላ መልሰው በክብር ተቀበሉት።

ምስጢርን በሙያ መጠበቅ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናቱ የኢትዮጵያን የምስጢር ቋንቋዎች ሰብስቧል። አዝማሪዎች ጌታው ፊት ቆመው፣ ጌታው ሳይሰማ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አላቸው። ነጋዴዎችም ነበራቸው። በጉራጌ ደግሞ ደምዋምዊት ለተባለችው አምላክ የተሰጡ ሴቶች ማኅበር የራሱ ቋንቋ ነበረው። ደጅ የቆመ ሰው ድምፁን ይሰማል፤ ትርጉሙ አይገባውም። ስለዚህ «ምስጢር አትናገር» የሚለው የለንደኑ ደንብ እኛ ጋ ሲመጣ አገሩን አያጣም። ጥያቄው ሌላ ነው። ምስጢር የያዘውን ሰው ጎረቤቱ ምን ብሎ ይጠራዋል?

ምስጢር ማውጣት ነፍስ ሲያድን

እ.ኤ.አ. በ1584 ሬጂናልድ ስኮት የተባለ የእንግሊዝ ባላገር ስለ ጥንቆላ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ዘመኑ በአውሮፓ «ጠንቋይ» የተባሉ ሰዎች፣ በተለይም ደሃ አሮጊቶች፣ ፍርድ ቤት ቀርበው የሚገደሉበት ነበር። የስኮት ክርክር እነዚህ ሴቶች የተባለውን ማድረግ አይችሉም የሚል ነው። ለማስረዳትም ያልተጠበቀ መንገድ መረጠ፤ የገበያ አጫዋቾች እንዴት እንደሚሠሩ ጻፈ። ሳንቲም በመዳፍ ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ፣ ካርታ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ክንድን የሚወጋ የሚመስለው ቢላ ከምን እንደሚሠራ በሥዕል ጭምር አሳየ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ይሄን ያለ ሰይጣን ማድረግ ከተቻለ፣ ባላየኸው ነገር ሁሉ ሰይጣንን አትጥራ።

የሚደንቀኝ ግን ጨዋነቱ ነው። በዚህ ሙያ የሚኖሩ ድሆች እንጀራቸው እንዳይነካ እንደሚያዝን ጽፏል። ሙያውንም አላወገዘም። አጫዋቹ የእግዚአብሔርን ስም እስካላነሳበት፣ ሕዝቡም ኃይሉን የአምላክ ኃይል አድርጎ እንዲያይ እስካላደረገ፣ ጥበቡ ከምን እንደሆነ ሁልጊዜ እስካመነ ድረስ ሊመሰገን እንደሚገባው ተናግሯል። ከሦስቱ ደንቦች በፊት ሌላ ደንብ ነበረ ማለት ነው። የሳጥኗ መጽሐፍ ረስታዋለች።

የሰዓት ሠሪው ጉዞ

ዘመናዊ ማጂክ ስንል የምናስበው ሱፍ የለበሰ ሰው የዣን-ኢዩጂን ሮቤር-ኡዳን ውርስ ነው። ፈረንሳዊ ነው፤ ሙያው ሰዓት መሥራት ነበር። መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል ይሄን ሰውዬ ከሁሉም አብልጬ የምወደው። ማጂሽያን ማለት የአስማተኛን ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ተዋናይ ነው ብሎ ያስተማረውም እሱ ነው። ተዋናይ፣ ልብ በሉ። ሐምሌትን የሚጫወት ሰው የዴንማርክ ልዑል ነኝ ብሎ ርስት አይጠይቅም።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ይሄንኑ ሰው ወደ አልጄሪያ ላከው። አልጄሪያ ያኔ በቅኝ ግዛት ሥር ናት። ተአምር እናደርጋለን የሚሉ የሃይማኖት መሪዎች ሕዝቡን ለአመፅ ያነሳሱብናል ብሎ የሰጋው መንግሥት፣ ከእነሱ የሚበልጥ የፈረንሳይ ተአምር ማሳየት ፈለገ። ሮቤር-ኡዳን አንድ ትንሽ ሳጥን መድረክ ላይ አስቀመጠ። ጉልበተኛ ሰው ከተመልካቹ አስነሣና አንሣው አለው፤ አነሣው። «አሁን ጉልበትህን ወስጄዋለሁ፣ አንሣ» አለው። ሳጥኑ አልነቃነቅ አለ። ሰውዬው እየታገለ ሳለ ድንገት ተንዘፍዝፎ ጮኸ፤ ከመድረኩም ሮጠ።

ሳጥኑ ታችኛው ክፍል ላይ ብረት አለው። መድረኩ ሥር ኤሌክትሮማግኔት ተቀብሯል። እጀታው ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ንዝረት ተለቀቀ። ይሄን ስነግራችሁ የማንንም ምስጢር እያወጣሁ አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ በትዝታ መጽሐፉ አስፍሮታል። እዚያው መጽሐፍ ላይ ከትርኢቱ በኋላ የሆነውንም ጽፏል። አስተርጓሚዎች ለሕዝቡ ይሄ ጥንቆላ እንዳልሆነ፣ የእጅና የጥበብ ሥራ እንደሆነ እንዲያስረዱ ታዘዙ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ያን ሰው ጉልበቱን ተቀማሁ ብሎ እንዲያምን ማድረግ ጨዋታ አልነበረም። መድረክ ላይ ብቻውን ነው፣ ከኋላው ቅኝ ገዢ ሠራዊት ቆሟል። ሁለተኛው፣ ለዚህ ዓላማ የላኩት ሰዎች እንኳ በመጨረሻ «ጥበብ ነው» ማለት እንዳለባቸው አውቀዋል። ፍርሃት ዘርተህ ስትሄድ ማጨዱ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅማ።

ሰይጣን ቤት

ሮቤር-ኡዳን ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1888፣ በስሙ የሚጠራውን የፓሪስ ቲያትር አንድ ወጣት ማጂሽያን ገዛው፤ ዦርዥ ሜሊየስ። ይሄ ሰው በኋላ የፊልም ካሜራ አገኘና ሰው ማጥፋቱን፣ ራስ መቁረጡን፣ ጨረቃ ላይ መውጣቱን በፊልም ሠራው። የሲኒማ ብልሃት አያት የመድረክ ማጂሽያን ነው ማለት ይቻላል።

ይሄው ሲኒማ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከመጀመሪያዎቹ ማሳያ ቤቶች አንዱ ምን ተባለ? «ሰይጣን ቤት»። ዛሬ በፈገግታ ነው የምናነሳው። በዘመኑ ግን ሰው ያየውን በነበረው ቃል ነው የሰየመው። ጨለማ ክፍል አለ፤ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ሰው አለ፤ የሚሠራበት ነገር ከጀርባ ነው፣ አይታይም። የማይታይ ሥራ ሲያጋጥመን የምንከፍተው መሳቢያ ያው የቆየው ነው።

ሲኒማ ቤት ሰይጣን ተባለ አልተባለ አይጎዳም፤ ሕንፃ ነው። ሰው ሲባል ግን ሌላ ነው።

ከ«ጠቢብ» ወደ «ጠይብ»

ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» ብለን ስንሰድብ የኖርንበት ቃል ሥሩ «ጠቢብ» ነው። ጥበብ ያለው፣ አዋቂ ማለት። ድንጋይ መሰል ነገር እሳት ውስጥ ከትቶ ማረሻ አድርጎ የሚያወጣ ሰው፣ በርግጥም ጠቢብ ነው። ግን እንዴት እንዳደረገው ሌላው አላየም፤ አንጥረኛውም ሙያውን ለልጁ እንጂ ለጎረቤት አያስተምርም። ስለዚህ «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተባለ። ማረሻውን ይገዙታል፤ ልጁን አያገቡም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ይሄን ልማድ ተቃውመዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ የሚሳደቡትን ገሥጸው፣ ሠራተኛውን የሚሰድብ እሳቸውን እንደሰደበ እንደሚቆጠር አስታወቁ። ልብ በሉ፣ ብዕር የያዘው ሰው እንኳ አላመለጠም። አዋጁ ጥሩ ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ወደ እኛ አገር ልምጣ። የጉራጌ ቤት መካከሉ ላይ ትልቅ ምሰሶ አለው፤ ጣሪያው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። በቀድሞው ልማድ ይሄን ምሰሶ የሚጠርበውና የሚያቆመው ፉጋ ይባል የነበረው የእንጨት ሠሪዎች ወገን ነው። ስሙን የምጽፈው ታሪኩ ያለ እሱ ስለማይነገር ነው፤ ዛሬም በስድብነት የሚጠቀምበት አለና። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ይሄንን መገለል በዝርዝር አስፍሮታል። ቤቱ ያለ እነሱ አይቆምም፤ ሥርዓቱም ያለ እነሱ አይሟላም። መሬት ማረስ ግን አይፈቀድላቸውም፤ ከነኩት ፍሬ አይሰጥም ይባላል። ከብት ከነኩ ወተቱ ይነጥፋል ይባላል። ስውር ኃይል አላቸው ተብለው ይፈራሉ፤ የሚፈራውም ሰው ራሱ ይንቃቸዋል።

አንድ መስቀል ላይ አጎቴ ስለ አያቴ ቤት አሠራር ሲያወጋ ምሰሶውን ያቆመው ሰውዬ ምን እንደበላ ጠየቅሁት። «ውጭ ነዋ የሚበላው» አለኝ፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ። «በእንሰት ቅጠል ይሰጠዋል። ሲጨርስ ቅጠሉ ይጣላል።» እኛ ደግሞ እሱ ባቆመው ምሰሶ ሥር ክትፎ እየበላን ነበር።

ይሄን ሁሉ ያነሳሁት ማጂሽያንን ከተገለለ ባለሙያ ጋር ለማመሳሰል አይደለም። ከተማ ለምዶ ለጨዋታ ሳንቲም የሚደብቅ ሰው ያን መከራ አያውቀውም። የማነሳው ተመልካቹ ያው ስለሆነ ነው። «እንዴት እንዳደረገው አላየሁም» ከሚለው ተነስቶ «ስለዚህ ኃይል አለው» እስከሚለው ያለው መንገድ እኛ አገር በደንብ የተረገጠ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ተገፍቶበታል። ማጂሽያኑ ዝም ባለ ቁጥር መንገዱን አንድ እርምጃ ያደለድለዋል።

እትዬዋ የጠየቁኝ

መስቀል ላይ አጣጥ ስገባ የዘመድ ልጆች ሳንቲሜን ይጠብቃሉ። ሁሌም የምጀምረው በአንድ አረፍተ ነገር ነው፦ «ይሄ የእጅ ሥራ ነው፤ ዓይናችሁ እጄን ይያዝ።» ከዚያ ሳንቲሟ በየትኛው እጅ እንዳለች ሰው ደብቆ እኔ የማውቅበትን ጨዋታ አሳያለሁ። ባለፈው ጊዜ አራት ጊዜ ተከታትዬ አገኘሁት። ልጆቹ ጮኹ፣ ትልልቆቹም ሳቁ።

ሰው ሲበተን አንዲት ጎረቤት ቀሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ልጠይቅህ?» አሉኝ። ወንድ ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ቆይቷል፤ ከደወለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ሳንቲሟን አውቀሃታል። እሱስ አለ?»

«የእጅ ሥራ ነው» ማለቴን ሰምተዋል። የቸገረው ሰው ግን የሚሰማው የሚፈልገውን ነው። እዚህ ጋ የሳጥኗ መጽሐፍ ምንም አትልም። እኔ ያደረግኩት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳንቲሟን እጃቸው ላይ አድርጌ ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማሳየት ነው። «እትዬ፣ ይኸው እንዲህ ነው። ሌላ የማውቀው የለም።» ሁለቴ ራሳቸው ሞከሩት፤ በሦስተኛው አገኙት። አልሳቁም። «እንግዲያ አንተም እንደኛው ነህ» አሉና ሳንቲሜን መለሱልኝ።

ምስጢሩን ለአንድ ሰው ሰጠሁ፤ ደንቡ ተሰበረ። ከነተስፋቸው ወደ ቤት ልሸኛቸው እችል ነበር። አውቃለሁ ብዬ «ደህና ነው፣ ይደውላል» ማለትም ይቻላል፤ ብዙ ሰው በዚህ እንጀራ ይበላል። ማጂክና ጥንቆላ የሚለያዩት በዚህች ቅጽበት ነው እንጂ በእጅ ቅልጥፍና አይደለም።

በተማረው ዓለምም ቢሆን ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስሙን ከሮቤር-ኡዳን የወሰደው ሁዲኒ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው የሙታን መንፈስ እንጠራለን የሚሉትን በማጋለጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ዋሽንግተን ውስጥ ለገንዘብ ጥንቆላን በሚከለክል ረቂቅ ሕግ ላይ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ መስክሯል። ወዳጁ የነበረው አርተር ኮናን ዶይል፣ ሼርሎክ ሆምስን የፈጠረው ሐኪም፣ ግን ሁዲኒ ራሱ የመንፈስ ኃይል እንዳለው ያምን ነበር። ሁዲኒ አይደለም፣ ብልሃት ነው ቢለው አልተቀበለውም። ዶይል ልጁ ሞቶበታል። ያዘነ ልብ ዲግሪ አያግደውም።

ከሌባው ጋር ያለን ዝምድና

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የሚጠብቀን ሌላ መሳቢያ ነው። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮቱ አልዘጋ አለኝ ብሎ ሲያስጠጋህ፣ ሌላው ስልክህን ይወስዳል፤ ሿሿ ተሠራህ ማለት ነው። ዓይንህን አንድ ቦታ አስይዞ ሥራውን ሌላ ቦታ መሥራት፣ ይሄ የማጂሽያንም ዋናው ሙያ ነው። ልዩነቱ ስልኩ መመለሱ ነው። የተዘረፈውም ሰው ብዙ ጊዜ «አፍዝ አደንግዝ አድርገውብኝ ነው» ይላል፤ መታለል ያሳፍራል፣ መደገም አያሳፍርም። ሌባውም ይሄን አባባል ይወደዋል፤ የፖሊስ ሥራ የነበረውን የጸበል ሥራ ያደርግለታል።

ብልሃቱን በጨዋታ ያየ ሰው ታክሲ ውስጥ ሲያየው ያውቀዋል። ማጂሽያን ለሕዝብ የሚያበረክተው ነገር ካለ ይሄ አንዱ ነው። በሥራዬም ያው ነው፤ ተጠቃሚው ኮዱን እንዲያነብ አይጠበቅበትም፣ የሚያነጋግረው ማሽን መሆኑን ማወቅ ግን መብቱ ነው።

ለጀማሪ

እንግዲህ ሳንቲም ገዝቶ ዛሬ ማታ የሚጀምር ሰው ካለ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣለት ደንብ ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ተለማመድ። መስታወት ፊት፣ ከዚያ በስልክህ ካሜራ፣ እጅህ ሳታስበው እስኪሠራው ድረስ። በግማሽ የተቻለ ጨዋታ ማሳየት ለምስጢሩም ለተመልካቹም ንቀት ነው። እሳትና ስለት አትንካ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ለንደን ውስጥ ጥይት በእጁ እይዛለሁ ያለው ቹንግ ሊንግ ሱ መድረክ ላይ ተመትቶ ሞቷል። የዕድሜ ልክ ባለሙያ ነበር።

ከመጀመርህ በፊት ሰላም በል፣ አስፈቅድም። ትልቅ ሰው ባለበት ቤት ፈቃዱ የእሳቸው ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሕመምተኛ ፊት፣ ጸሎት ላይ ሳንቲምህ ኪስህ ትቆይ። እንጀራና ዳቦ አታጥፋ፤ ምግብ ለጨዋታ አይሆንም። የሰው ነጠላ፣ የሰው ልጅ ሳትጠይቅ አትንካ። መቶ ብር ከተዋስክ ከተመልካቹ ዓይን አታርቃት፤ ስትጨርስ በሰጠህ እጅ ላይ መልሳት፣ እንደ አሰጣጡም አመስግነው።

አብሮህ የወጣውን ሰው አታሳንሰው። ጉልበቱን የተቀማውን አልጄሪያዊ አስብ። ልጅ ከሆነ ደግሞ ጭብጨባው ለእሱ ይሁን። ለአራት አስርት ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ከልጆች ጋር የቆዩት አባባ ተስፋዬ ትንንሾቹን ለትልቅ ሰው በሚሰጠው «ጤና ይስጥልኝ» ነበር የሚቀበሉት። አንድ ትውልድ ያላቸውን ፍቅር ስታይ የአክብሮት ዋጋው ይገባሃል።

«ድገመው!» ሲሉህ ሌላ አሳይ። የነቃብህ ካለ «ጎበዝ፣ ዓይንህ ሹል ነው» በልና እለፍ፤ አትካድ፣ አትከራከር። ሌላ ሰው ሲያሳይ ደግሞ ብታውቀውም ዝም በል። የሱን ጨዋታ ማውጣት ያንተ አይደለም። ልማር ብሎ የሚመላለስብህ ልጅ ካለ አስተምረው። ለማየት የጠየቀና ለመሥራት የጠየቀ አንድ አይደሉም።

ዕድል አትንገር። ሕመም አትገምት። የሎተሪ ቁጥር፣ የጠፋ ሰው፣ የትዳር ነገር ብትጠየቅ ለቀልድም አትመልስ። አጠገቡ ተቀመጥና የማታውቅ መሆንህን ንገረው፤ ካስፈለገም ሳንቲሟን እጁ ላይ አድርገህ አሳየው።

ከሁሉም በፊት ግን፣ ሳንቲሟ ከኪስህ ሳትወጣ፣ «የእጅ ሥራ ነው» በል። ምስጢሩ ያንተ ይሁን፤ ምስጢር መኖሩን ግን ሁሉም ይወቅ። ትርኢቱ ይቀዘቅዛል ብለህ አትፍራ። ብልሃት እንዳለ እያወቀ፣ እጅህን እያየ፣ አሁንም ሳንቲሟን ያጣት ሰው የበለጠ ነው የሚገረመው፤ የሚገረመውም በሰው እጅ ነው። እዚህ አገር በሰው እጅ መገረም ብዙ ዘመን ወደ ፍርሃት ሲዞር ኖሯል። ቀጥቃጩም ምሰሶ ያቆመውም ሰው የሚገባቸው መገረሙ ብቻ ነበር፤ ያገኙት ግን በራፍ ላይ የተዘረጋ ቅጠል ነው።